ጋን ይተነፍሳል፣ ጠርሙስ አይተነፍስም
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላት የቀረበ ንግግር)



እንደሚታወቀው ኢትዮጵያ በማር ምርት ከአፍሪካ አገሮች ቀዳሚውን ሥፍራ የያዘች አገር ናት። ከሚመረተው ማር ትልቁ ድርሻ የሚሄደው ደግሞ ወደ ጠጅ ነው። አንዳንድ የማር አምራች ማህበራት አባላት፣ በተለይም እናቶች፣ ማሩን እንዳለ በኪሎ ከመሸጥ ይልቅ ጠጅ ጥለውና አጥልለው፣ በጠርሙስ አሽገው ለበዓልና ለሠርግ ያቀርባሉ። ይህ በምርት ላይ እሴት መጨመር ነውና የሚደገፍ ነው። ጠርሙስ ለመሸጥ፣ ለመቁጠርና ለማጓጓዝ ያመቻል። ነገር ግን ጠርሙሱ በጋኑ ዘመን ያልነበረ አንድ አደጋ ይዞ መጥቷል። የዛሬው ርዕስም ጠጅ መፍላቱን ሳይጨርስ በጠርሙስ ማሸግ የሚያስከትለው ጉዳት ነው።

ነገሩን ከአንድ ቤት መጀመር ይሻላል።

በአንድ ደጋ ቀበሌ የሚኖሩ አንዲት እናት ለልጃቸው ሠርግ ጠጅ ጣሉ። ወሩ ኅዳር፣ ሠርጉ ለጥር ነበር። ጋኑን በግራዋ አጥበው፣ በወይራ አጥነው፣ አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውሃ በጥብጠው፣ ከቀናት በኋላ ሰፈፉን ገፈው፣ ጌሾውን ጨምረው ከደኑት። ሙያቸው በመንደሩ የተመሰከረ ስለሆነ በዚህ በኩል የሚነቀፍ ነገር የለም። በመጀመሪያው ሳምንት ጆሮውን ወደ ጋኑ ላስጠጋ ሰው ጠጁ ሲንሿሿ ይሰማ ነበር። ከዚያ ብርዱ እየጠናባቸው ሄደ፤ ወደ ታኅሣሥ አጋማሽ ጋኑ ጭራሽ ዝም አለ። ቀመሱት። ጣፈጣቸው፣ ሞቅም አደረጋቸው። «ደርሷል» ብለው አጠለሉትና በ36 ጠርሙስ ሞሉት። ጠርሙሱ ገሚሱ የቢራ፣ ገሚሱ የውስኪ ነበር። የቢራውን በቡሽ ደፍነው በሽቦ አሰሩት፤ የውስኪውን በራሱ ክዳን አጠበቁት። ሁሉንም ቀዝቃዛው ጓዳ ውስጥ አስቀመጡ። እዚያ እስከ ጥር ምንም አልሆነም።

ሠርጉ ሦስት ቀን ሲቀረው ድግሱ ተጧጧፈ። ጓዳው ለእንጀራ መሶብ ስለተፈለገ ጠርሙሶቹ ወጥተው ሌሊትና ቀን እሳት ከማይጠፋበት ማድቤት ጥግ ተደረደሩ። በሁለተኛው ሌሊት አንዱ ፈነዳ። ቤተሰቡ ጥይት የተተኮሰ መስሎት ወደ ውጭ ወጣ። ሲነጋ የ10 ዓመት የልጅ ልጃቸው የቀሩትን ወደ ደጅ እንዲያወጣ ተላከ፤ ሁለተኛው ጠርሙስ እጁ ላይ እንዳለ ፈነዳ። መዳፉ በጤና ጣቢያ ተሰፋለት። ሌላው ስባሪ ከዓይኑ አንድ ጣት ያህል ከፍ ብሎ ግንባሩን ጭሮ አለፈ። እስከ ማታ ድረስ ከ36ቱ ጠርሙስ 7ቱ ፈነዱ፤ የቀሩትን ሊነካ የደፈረ ሰው አልነበረም።

ጎረቤቱ «ዓይን ነው» አለ። ጠጁ ሲጣል ያየ፣ ሲቀመስ የቀመሰ ሰው ስም ሁሉ ተነሳ። በተለይ ጌሾ በመውቀጥ ያገዘች አንዲት ጎረቤት ስሟ ስለተነሳ ከእኚህ እናት ቤት መግባት ተወች። የፈነዳው ጠርሙስ የሚያደርሰው ጉዳት በእጅና በዓይን ብቻ አይቆምም፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ሰውንም ከሰው ያለያያል። እናትየው ግን እያደር ሌላ ነገር መጠየቅ ጀመሩ። «ጠጁ ጋን ውስጥ ሳለ ምንም አልሆነም፤ ጠርሙስ ውስጥ ሲገባ ምን ሆነ?» አሉ። ይህ ትክክለኛው ጥያቄ ነው፤ መልሱም አለ።

ማር ከመቶው 80 እጅ ያህል ስኳር ነው። በውሃ ሲበጠበጥ እርሾ የሚባለው በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ስኳሩን መመገብ ይጀምራል። እርሾ ስኳሩን በልቶ ሁለት ነገር ያወጣል፤ በክብደት ሲለካ ግማሽ ያህሉ አልኮል፣ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው አየር ይሆናል። ይህ የሕያው እርሾ ሥራ መሆኑን ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. ከ1857 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች አሳይቷል። ጋኑ ሲንሿሿ የሚሰማው ድምፅ ይኸው አየር ሲወጣ ነው። ጋን ደግሞ ገል ነው፤ አፉም በጨርቅ ይሸፈናል፣ ወይም በአክንባሎ ተከድኖ ዙሪያው በጭቃ ይመረጋል። ጭቃው ይሰነጠቃል፣ ጨርቁ ያሳልፋል። የቀደሙት እናቶች ለጋን ቡሽ አልገጠሙለትም፤ ጋኑ ሁልጊዜ መተንፈሻ ነበረው። የታሸገ ጠርሙስ ግን መተንፈሻ የለውም።

የአየሩ መጠን ምን ያህል እንደሆነ ማስላት አስቸጋሪ አይደለም። አንድ ሊትር ማር 1.4 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ በውስጡ 1.1 ኪሎ የሚሆን ስኳር አለ። በአራት ሊትር ውሃ ሲበጠበጥ በእያንዳንዱ ሊትር ብርዝ ውስጥ 220 ግራም ያህል ስኳር ይገኛል ማለት ነው። እርሾው ከዚህ ውስጥ 200 ግራሙን በልቶ ቢያቆም ጠጁ ከአሥር እጅ ዘጠኙን ጨርሷል፤ ለቀማሽም የደረሰ ጠጅ ነው። የቀረው 20 ግራም፣ ማለትም 5 የሻይ ማንኪያ ስኳር ያህል ብቻ ነው። ይህችው ቀሪ ስኳር ጠርሙስ ውስጥ ብትፈላ ግን በእያንዳንዱ ሊትር ጠጅ 5 ሊትር የሚያህል አየር ታወጣለች። 5 ሊትር አየር ከአንድ ጠርሙስ አንገት ውስጥ የት ይገባል? አንዳንድ ሰው «ከላይ ሦስት ጣት ክፍት ትቼለታለሁ» ሲል ይሰማል። ሦስት ጣት ለ5 ሊትር አየር ምንም አይደለም።

ለማነጻጸር ያህል የፈረንሳይ ሻምፓኝ ጥሩ ምሳሌ ነው። የሻምፓኝ ጠማቂዎች አረፋ እንዲኖረው ሆን ብለው በእያንዳንዱ ሊትር 24 ግራም ያህል ስኳር ጨምረው ጠርሙሱ ውስጥ ያፈሉታል። በዚህ የሚፈጠረው ግፊት ወደ 6 አትሞስፌር ይደርሳል፤ ይህም ከአንድ ትንሽ መኪና ጎማ ግፊት ከእጥፍ በላይ ነው። የሻምፓኝ ጠርሙስ ወፍራምና ከባድ፣ ቡሹም በሽቦ የታሰረ የሆነው ስለዚህ ነው። እነርሱም ቢሆኑ ይህን የተማሩት ብዙ ጠርሙስ ፈንድቶባቸው ነው፤ በድሮው ጊዜ በመጋዘኑ የሚሠሩ ሰዎች ፊታቸውን በብረት ጭንብል ይሸፍኑ ነበር። ስኳሩን ለክቶ የመጨመር ዘዴ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ዣን ባፕቲስት ፍራንሷ በተባለ መድኃኒት ቀማሚ ጥናት ነው። እንግዲህ ከላይ የተጠቀሰው 20 ግራም ቀሪ ስኳር ለሻምፓኝ ከሚጨመረው ብዙም የማያንስ ሲሆን፣ የተሞላበት ጠርሙስ ግን የሻምፓኝ አይደለም። የቢራ ጠርሙስ የሚሠራው ለቢራ ግፊት ብቻ ነው፤ በተደጋጋሚ ሲታጠብና ሲጋጭ የኖረ ከሆነ ደግሞ ጉልበቱ ይቀንሳል። የውስኪና የአረቄ ጠርሙስ ከመጀመሪያውም አየር ላለው መጠጥ የተሠራ አይደለም።

ወደ እኚያ እናት ጓዳ ስንመለስ፣ ስህተቱ የነበረው ዝምታውን እንደ መጨረሻ ማየት ላይ ነው። እርሾ ሙቀት ይፈልጋል። በደጋ አገር የታኅሣሥ ሌሊት ብርድ እርሾው እንዲያንቀላፋ ያደርገዋል፤ ሥራውን ግን አልጨረሰም። ከማድቤቱ እሳት አጠገብ ሲቀመጥ ነቃና ካቆመበት ቀጠለ። ከደጋ ተጭኖ ወደ ቆላ ከተማ የሚወርድ ጠጅም እንደዚሁ ነው፤ ሲጫን ዝም ያለው ሲወርድ ይነሳል።

ማሩ ሲበዛም እንዲሁ ነው። አንድ ለሁለት የተበጠበጠ ጠጅ ስኳሩ ራሱ እርሾውን ስለሚከብደው መሐል መንገድ ላይ ሊቆም ይችላል። ከሁሉም የከፋው ግን ለገበያ ሲባል የሚደረገው ነው። ጠጁ በደንብ ከደረሰ በኋላ «ደንበኛ ጣፋጭ ይወዳል» ተብሎ ማር ወይም ስኳር ይጨመርበትና ወዲያው ይታሸጋል። ይህ ለተኛ እርሾ ምግብ አቅርቦ በሩን መዝጋት ነው። «አጥልዬዋለሁ፣ ጠርቷል» የሚለውም አያስተማምንም። የእርሾ ህዋስ እጅግ ደቃቅ ከመሆኑ የተነሳ በአንድ ሚሊ ሜትር ላይ 200 ያህሉ ጎን ለጎን ሊሰለፉ ይችላሉ፤ ነጠላም ሆነ የሻይ ማጥለያ አይዛቸውም። ጌሾም ምሬትና መዓዛ ይሰጣል እንጂ እርሾውን አይገታውም።

ታዲያ ጠጁ መጨረሱ በምን ይታወቃል? በውጭ አገር በየቤታቸው ቢራና የማር ወይን የሚጠምቁ ሰዎች ሃይድሮሜትር በሚባል፣ ፈሳሽ ላይ በሚንሳፈፍ የመስታወት መለኪያ ይጠቀማሉ። የወተት ማህበራት አባላት ላክቶሜትርን ያውቁታል፤ የዚያው ወንድም ነው። (የወተቱን ወስዶ ለጠጅ መጠቀም ግን አይቻልም፤ ልኩ የተሠራው ለወተት ነው።) ከላይ በተጠቀሰው መጠን የተበጠበጠ ብርዝ መጀመሪያ ላይ ወደ 1.085 ያነባል፤ ሲጨርስ ወደ 1.000 ይወርዳል። በሞቀ ቦታ በተከታታይ ሦስት ቀን ተለክቶ ንባቡ ካልተለወጠና ዝቅ ብሎ ከተገኘ ጨርሷል ይባላል። በ1.020 ላይ ዝም ብሎ የቆመ ጠጅ ግን ተኝቷል እንጂ አልጨረሰም። መሣሪያው ውድ የሚባል አይደለምና አንድ መሠረታዊ ማህበር ገዝቶ ለአባላቱ በጋራ ቢያስቀምጥ የሚጠቅም ነው።

መሣሪያው በሌለበት ቤት ደግሞ በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለው የውሃ ፕላስቲክ በቂ ሥራ ይሠራል። ጠጁ ሊታሸግ ሲታሰብ ከጋኑ ተቀድቶ ሃይላንዱ ሦስት አራተኛ ያህል ይሞላል። ከዚያ ፕላስቲኩ ጎኑ ተጨምቆ በውስጡ ያለው አየር እንዲወጣ ይደረግና፣ ጎኑ እንደጎደጎደ ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። ይህ ሃይላንድ ከእሳቱ በመጠኑ ራቅ ብሎ፣ ነገር ግን ሙቀት በማይለየው ቦታ ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ይቀመጣል። ጎኑ ተነፍቶ በጣት ሲጫኑት እንደ ድንጋይ ከጠጠረ ጠጁ አልጨረሰም፤ የጋኑም ጠጅ ገና ይቆያል። በመጠኑ ቢነሳም ሲጫኑት ከለሰለሰ፣ ክዳኑ ሲከፈትም ካልተንፏፏ፣ ለማረጋገጥ በሌላ ሃይላንድ አንድ ጊዜ ይደገማል። ፕላስቲክ ቢያብጥም እንደ ጠርሙስ ስባሪ አይበትንም፤ ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ሙከራው ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ ከተደረገ ግን ዋጋ የለውም፤ ያው እንቅልፍ ነው የሚለካው።

«ማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጥኩትስ?» የሚል ጥያቄ ከከተማ ሻጮች ይነሳል። ማቀዝቀዣ እርሾውን ያስተኛዋል እንጂ አይገድለውም። መብራት በሄደ ቁጥር እርሾው ይነቃል፤ ሁለት ቀን የሄደ እንደሆነም ጠርሙሱ ከታኅሣሥ ጓዳ ወደ ማድቤት እንደተወሰደው ጠጅ ይሆናል። ገዢውም ጠርሙሱን ገዝቶ ቤቱ ቁም ሳጥን ላይ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ሻጭ ይህን ሊቆጣጠር አይችልም። በሙቀት እርሾውን መግደል ይቻላል፤ የቢራ ፋብሪካዎች ወደ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት የሚያደርጉት ነው። ነገር ግን አየር ያለበትን የታሸገ ጠርሙስ ቤት ውስጥ በድስት ማሞቅ ፍንዳታውን እዚያው ምድጃ ላይ መጥራት ስለሆነ አይመከርም።

ጠላም ቢሆን ከዚህ ውጭ አይደለም። ከድፍድፉ ተጠልሎ በጠርሙስ የሚታሸግ ጠላ ውስጥ ብዙ እርሾና ገና ያልተበላ የእህል ስኳር ይኖራል፤ ጀሪካን የሚያሳብጠው እርሱ ነው። ጠላ በባህሪው ቶሎ የሚጠጣ እንጂ የሚታሸግ መጠጥ አይደለም ቢባል ከእውነት አያርቅም። በጀሪካን ሲጓጓዝም ክዳኑ ላላ ብሎ መሆን አለበት። ብርዝ ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አልኮል የለውም ተብሎ ለልጆች የሚቀርብ በመሆኑ ማንም አይፈራውም፤ ነገር ግን ስኳሩ ሙሉ በሙሉ ያልተነካ ስለሆነ በሞቃት ቀን ታሽጎ ካደረ ከሁሉም በላይ ግፊት የሚፈጥረው እርሱ ነው። ብርዝ በዕለቱ በጥብጦ በዕለቱ መጠጣት ነው።

አስቀድሞ የታሸገና የሚያጠራጥር ጠርሙስ በቤቱ ያለ አባል ካለ ጠርሙሱን በባዶ እጅ አያንሳ፣ አይነቅንቀው፣ ወደ ፀሐይም አያውጣው። ልጆች ከአካባቢው ይርቃሉ። ጠርሙሶቹ ባሉበት በእርጥብ ጆንያ ይሸፈናሉ፤ ሌሊቱ ቀዝቃዛ በሆነበት አገር እስከ ንጋት ድረስ እንዲበርዱ መተው ግፊቱን ይቀንሳል። ማለዳ፣ ገና ሳይሞቅ፣ አንድ አዋቂ ሰው ወፍራም ልብስ ለብሶ፣ እጁን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ፣ ዓይኑን በመነጽር ሸፍኖና ፊቱን አዙሮ አንድ በአንድ በጆንያው ሥር ቀስ እያለ ያስተነፍሳቸዋል። የተነፈሰው ጠጅ አይደፋም፤ ወደ ጋኑ ተመልሶ ይጨርሳል። ማሩ አልጠፋም። አንዱ ጠርሙስ በአጠገቡ ፈንድቶ ስባሪ የተረጨበት ከሆነ ግን ያ ጠጅ ይደፋል፤ የጠርሙስ ብናኝ በማጥለል አይታመንም።

እኚያ እናት በተከታዩ ዓመት ጠጁን የጣሉት በጥቅምት ነው። በታኅሣሥ ጋኑ ዝም ሲል አላመኑትም፤ ሃይላንድ ሞልተው ከማድቤቱ ጥግ አስቀመጡ። በሁለተኛው ቀን ጠጠረ። ጋኑን ከጓዳ አውጥተው ሙቀት ወዳለበት ክፍል አዛወሩትና ሦስት ሳምንት ጨመሩለት። በሁለተኛው ሙከራ ሃይላንዱ ለሰለሰ፤ በሦስተኛውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ 30 ጠርሙስ አሸጉ፤ ከጠርሙሶቹ አጠገብ አንድ ሃይላንድ ለምስክርነት ቆመ። ጠጁ እንደ ቀድሞው ጣፋጭ አልነበረም፤ የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች «ደረቅ ሆነብን» ብለው ነበር። ለዚህም መላ አላጡለትም፤ ጣፋጭ የሚወድ ሰው ሲመጣ ማሩን የሚጨምሩት ሲጠጣ ብርሌው ውስጥ ነው።

የሦስተኛው ልጃቸው ሠርግ በጥር ወር ሲደረግ ጠርሙሶቹ እዚያው ማድቤት ጥግ ሁለት ሌሊት አደሩ። ሃይላንዱ እንደለሰለሰ ነበር። የመጀመሪያውን ጠርሙስ የከፈተችው፣ ቀድሞ ስሟ በዓይን የተነሳው ያቺው ጎረቤት ናት።